እግር ሲያዝ መኪናዋ ስትዘገይ

ጊዜው ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው ወደ መሥሪያ ቤት የሚጣደፍበት፣ የአዲስ አበባ ጎዳናዎች እንደ ቅዳሜ ገበያ የሚጨናነቁበት ሰዓት ነው። አንዲት የባንክ ሠራተኛ ሁለት ልጆቻቸውን ከኋላ ወንበር አስቀምጠው፣ ከሰፈራቸው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ወደ ዋናው ጎዳና ለመግባት ተራቸውን ይጠብቃሉ። በግራ በኩል አንድ ገልባጭ መኪና ይታያል፤ ግን ገና ሩቅ ነው። ‹‹ያደርሰኛል›› አሉና ነዳጁን ረገጡ። መኪናዋ ግን ዝም አለች።

አንድ፣ ሁለት ብሎ ለመቁጠር የሚበቃ ጊዜ አለፈ። እግራቸው ትእዛዙን ሰጥቷል፤ ሞተሩም አልጠፋም፤ ነገር ግን መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ጎዳናው አስገብታ ቀስ ብላ ከመንፏቀቅ በስተቀር አልሄደችም። ደንግጠው ነዳጁን እስከ ወለሉ ድረስ ሲጫኑት ደግሞ እንደ ደነበረ በቅሎ ተስፈንጥራ ወጣች። ገልባጩ ክላክሱን እያስጮኸ ከኋላቸው ለጥቂት ስቷቸው አለፈ። ‹‹እማዬ፣ መኪናችን ምን ሆነች?›› ሲል ትንሹ ልጃቸው ጠየቀ። እናትየው መልስ አልነበራቸውም።

ማታ በስልክ ነገሩን ለባለቤታቸው ሲነግሯቸው ግን መልሱ ዝግጁ ሆኖ ጠበቃቸው። ‹‹ፈርተሽ ነው። ሰው ሲፈራ እግሩ ይለግማል። መኪናዋ ምንም የላትም›› አሏቸው። ‹‹እኔስ ረግጫለሁ፤ እምቢ ያለችው እሷ ናት›› ቢሉም የሚሰማቸው አላገኙም። መኪናዋ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለች፣ በእቁብና በቁጠባ የተገዛች፣ የቆዳ ወንበርና አውቶማቲክ ማርሽ ያላት ቅንጡ መኪና ናት። ባለቤታቸው ለሥራ ወደ ሐዋሳ ሲዛወሩ ለእርሳቸው ከተተወችላቸው ገና ስድስት ወር መሆኑ ነው።

እኚህ እናት ታሪካቸውን ያጫወቱን ስማቸው እንዳይጠቀስ አደራ ብለው ነው። እኛም ጉዳዩን በዚህ ዓምድ ያነሣነው የአንድ ቤት ችግር ብቻ ሆኖ ስላላገኘነው ነው። መሪ የጨበጠች ሴት መኪናዋ የሰነፈች እንደሆነ ‹‹ሴት ስለነዳቻት ነው›› የሚለው ፍርድ ቶሎ ይሰጣል። ፍርዱ ክብርን ከመንካቱም ሌላ የሚያስከትለው አደጋ አለ። ጥፋቱ የነጂዋ ነው ከተባለ መኪናዋን የሚመረምራት አይኖርም። ሳትመረመር የቀረችው መኪና ደግሞ በማግስቱም እነዚያኑ ልጆች ጭና እዚያው መገናኛ መንገድ ላይ ትቆማለች።

በእግርና በጎማ መካከል

‹‹ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ›› እንዲሉ፣ በመጀመሪያ ነዳጅ የሚረግጠው እግር ጎማውን እስኪያዞር ድረስ በመካከል ምን እንዳለ ማወቅ ይጠቅማል።

እንደሚታወቀው በእጅ ማርሽ በሚነዳ መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘውና የሚለያየው በግራ እግር የሚረገጠው ፍሪሲዮን ነው። ማርሽ መርጦ የሚያስገባውም የነጂው እጅ ነው። በአውቶማቲክ መኪና ግን ግራ እግር ሥራ የለውም። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ዘይት የተሞላ፣ መካኒኮች ኮንቨርተር የሚሉት ክብ ዕቃ ተገጥሟል። አሠራሩን ለመረዳት ከማድ ቤት ርቆ መሄድ አያስፈልግም። በድስት ያለ ሾርባ በማማሰያ ሲማሰል ፈሳሹ ይዞራል፤ በሚዞረው ፈሳሽ ውስጥ ሌላ ማንኪያ ቢነከር እሱም ተገፍቶ ይሄዳል። ማማሰያውና ማንኪያው አይነካኩም፤ የሚያገናኛቸው ፈሳሹ ነው። በኮንቨርተርም ውስጥ ሞተሩ በአንድ በኩል ዘይቱን ያማስላል፤ የሚዞረው ዘይት ደግሞ በሌላው በኩል ያለውን የካምቢዮ ዘንግ እየገፋ ያዞራል።

ይህን ብልኃት ጀርመናዊው መሐንዲስ ኸርማን ፎቲንገር በ1905 እ.ኤ.አ. በፈጠራ መብት ሲያስመዘግቡት ያሰቡት ለመርከብ ነበር። ፍሪሲዮን መርገጥን ያስቀረው አውቶማቲክ ካምቢዮ በብዛት ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው ደግሞ የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ በ1940 እ.ኤ.አ. ሞዴል የኦልድስሞቢል መኪኖች ላይ በገጠመው ጊዜ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው መዘግየት የሚመጣው ከዚህ ነው። ዘይቱ ተማስሎ ኃይሉን እስኪያስተላልፍ ድረስ ጥቂት ጊዜ ያልፋል።

ሁለተኛው መዘግየት የሚመጣው ከማርሽ መቀየር ነው። ዝግ ብላ የምትሄድ አውቶማቲክ መኪና ነዳጅ ለመቆጠብ ስትል ቶሎ ቶሎ ወደ ከፍተኛው ማርሽ ትወጣለች። ነጂዋ በድንገት ጉልበት ስትጠይቃት ካምቢዮው ወደ ዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ይኖርበታል። ይህም ማለት በዘይት ግፊት አንዱን ማርሽ ለቅቆ ሌላውን መያዝ ማለት ነው። ስድስት ወይም ስምንት ማርሽ ባላት መኪና መውረጃው ደረጃ ብዙ ነው።

ሦስተኛው መዘግየት የሚመጣው ከኮምፒውተሩ ነው። በቀድሞ መኪኖች የነዳጅ መስጫው ፔዳል ከሞተሩ የአየር በር ጋር በሽቦ የታሰረ ስለነበር እግር ሲጫን በሩ ወዲያውኑ ይከፈት ነበር። በዛሬዎቹ መኪኖች ግን ሽቦው ቀርቷል። ፔዳሉ ትእዛዝ ሰጪ መሆኑ ቀርቶ ማመልከቻ አቅራቢ ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማመልከቻው ለኮምፒውተሩ ይደርሳል፤ ኮምፒውተሩም የጭሱን ሁኔታ፣ የነዳጁን ቁጠባ፣ የጎማውን መንሸራተት፣ የካምቢዮውን ደኅንነት ተመልክቶ ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤት ሄዶ ማመልከቻው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲተላለፍ የጠበቀ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በተለይ ‹‹ኢኮ›› የሚል ጽሑፍ ያለበት የነዳጅ ቁጠባ መጫኛ በርቶ እንደሆነ ፈቃዱ ይበልጥ ይዘገያል።

ለዚህ በይፋ የታወቀ ምሳሌ አለ። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠሩት ሌክሰስ ኢ.ኤስ. የተባሉት ቅንጡ አውቶማቲክ መኪኖች ነዳጅ ሲረገጥ ይዘገያሉ የሚል ቅሬታ በአሜሪካ አገር ከብዙ አሽከርካሪዎች ቀርቦባቸው ነበር። አምራቹም የመኪኖቹ ኮምፒውተር እንደገና እንዲስተካከል የሚያዝ የጥገና መመሪያ ለጋራዦቹ አስተላልፏል። እንግዲህ እነዚያ ሁሉ ባለመኪኖች እግራቸው ለግሞ ነው ሊባል አይችልም።

የደጋ አየርና ሞተር

ከዚህም ሌላ የአዲስ አበባ ነጂዎችን በተለይ የሚመለከት ጉዳይ አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። ቤንዚን የሚነደው ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በመሆኑ አየሩ በሳሳ መጠን ጉልበቱም ይቀንሳል። ወደ እንጦጦ ሲወጣ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ስለሚያልፍ ዳገቱና ስስ አየሩ ተባብረው መኪናዋን ያደክሟታል። በአንጻሩ ወደ አዋሽ የወረደ ሰው ያችው መኪና ስትቀለጥፍ ቢያገኛት ሊደነቅ አይገባም።

አንዳንድ ቅንጡ መኪኖች ተርቦ አላቸው። ተርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ እየተሽከረከረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ ማራገቢያ ነው። ስለዚህ የደጋውን ጉድለት በአብዛኛው ይሞላል። ይሁን እንጂ ማራገቢያው በበቂ ፍጥነት እስኪሽከረከር ድረስ መጠበቅ ግድ ነው። ጉልበቱ አይቀርም፤ ቆይቶ ይመጣል እንጂ። በኤሌክትሪክ የምትሠራ መኪና ግን የምትተነፍሰው አየርም ሆነ የምትቀያይረው ብዙ ማርሽ ስለሌላት እግር ሲያዛት ወዲያው ትነሣለች። ከቤንዚን መኪና ወደ እርሷ የሚዛወሩ እናቶች የሚያስፈልጋቸው ጥንቃቄ እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው።

በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት መኪኖች ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ እየተላለፉ ረዥም ዘመን እንዲያገለግሉ ይጠበቃል። ስለሆነም የአሮጊቷን መኪና ጠባይና ሕመም ለይቶ ማወቅ የቤት አያያዝ አንዱ ክፍል ሆኗል ማለት ይቻላል።

ጠባይ ነው ወይስ ሕመም?

ወደ ባንክ ሠራተኛዋ እናት እንመለስ። በመጀመሪያ የሄዱበት ጋራዥ መኪናዋን ሳይነዳ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ዘጋና ‹‹ካምቢዮው አልቋል፤ መቀየር አለበት›› አላቸው። የተጠየቁት ገንዘብ የሁለቱን ልጆች የዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ የሚበልጥ ነበር። ‹‹ዋጋውን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ›› ይላሉ። ‹‹ለባለቤቴ ብነግረው ‘መኪናዋን አበላሸሽ’ ሊለኝ ነው። ባልነግረው ደግሞ ልጆቼን ይዤ በምን ልሂድ?››

ሁለት ሌሊት ሲያወጡና ሲያወርዱ ከቆዩ በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባቸው ወደ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ መራቻቸው። እኚህ ሽማግሌ መጀመሪያ ያደረጉት ኮፈን መክፈት አልነበረም። ‹‹መቼ መቼ ነው የምትዘገይብሽ?›› ብለው ጠየቁ። ቀጥለውም ከጎን ወንበር ገብተው ተቀመጡና ‹‹እስቲ ልጄ፣ አንቺ ንጂ፤ እኔ መርፌዋን ልይ›› አሉ።

መርፌዋ ያሉት ከፍጥነት መለኪያው ጎን ያለውን የሞተር ዙር ቆጣሪ ነው። ይህ ነጂዎች ብዙም ልብ የማይሉት መለኪያ ሕመሙ የት እንዳለ ለመጠቆም ዋነኛው ምስክር ነው። ሽማግሌው ለእናትየው ያስረዷቸውን እኛም ለአንባቢዎቻችን እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

ነዳጅ ሲረገጥ መርፌው ወደ ላይ ተወርውሮ ሞተሩ እየጮኸ የመኪናዋ ፍጥነት ግን ካልጨመረ፣ ጉልበቱ ተፈጥሯል ማለት ነው፤ የጠፋው በመንገድ ላይ ነው። ይህ ወደ ካምቢዮው ያመለክታል። የካምቢዮው ዘይት ጎድሎ ወይም ተቃጥሎ፣ ወይም በውስጡ ያሉት መያዣ ሸክላዎች አልቀው ሊሆን ይችላል።

ነዳጅ ሲረገጥ መርፌውም ባለበት ከቆየ ግን ያልነቃው ሞተሩ ራሱ ነው። ምክንያቱም በአየር፣ በነዳጅ፣ በእሳት ወይም በኮምፒውተሩ በኩል መፈለግ አለበት።

መኪናዋ ቆማ ማርሹ ከ‹‹ፒ›› ወደ ‹‹ዲ›› ወይም ወደ ‹‹አር›› ሲዛወር ለመያዝ ሁለት ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀች፣ ወይም ዱብ ብላ በኃይል ከተያዘች የካምቢዮው ዘይትና ግፊቱ ይመርመር።

በዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ መኪናዋ በአንድ ማርሽ ላይ ተቸክላ ከቀረች ደግሞ ኮምፒውተሩ ጉዳት እንዳይባባስ ብሎ ራሱ አስሯታል ማለት ነው። ወደ ጋራዥ ቀስ ብሎ መውሰድ እንጂ በዚያ ሁኔታ ወር ሙሉ መንዳት አይገባም።

በእናትየዋ መኪና መርፌው መጀመሪያ ላይ አልተነሣም። ‹‹ካምቢዮዋ ጤነኛ ናት ልጄ፤ የታፈነው ሳንባዋ ነው›› አሉ ሽማግሌው። እውነትም የአየር ማጣሪያው ሲወጣ የበጋው አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖት ተገኘ። የአየር በሩ ጥቀርሻ ይዞ ጠቁሯል። የነዳጅ ቁጠባው መጫኛም ማን እንዳበራው ሳይታወቅ በርቶ ኖሯል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ከነዳጅ መስጫው ሥር የተገኘው ነው። ከገበያ ተገዝቶ የተነጠፈው ወፍራም የእግር ምንጣፍ ከፔዳሉ በታች ታጥፎ ስለነበር ፔዳሉ መጨረሻው ድረስ አይወርድም። እናትየው በዚያ ጧት ወለል የመሰላቸው የታጠፈው ምንጣፍ ነበር።

ምንጣፍ እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም። ከፔዳሉ ሥር የታጠፈ እንደሆነ መኪናዋን ያሰንፋል፤ የተረገጠውን ፔዳል እንዳይመለስ አድርጎ የያዘው እንደሆነ ደግሞ የባሰ አደጋ ያመጣል። በ2009 እ.ኤ.አ. የቶዮታ ኩባንያ በዚሁ በምንጣፍ ምክንያት 3.8 ሚሊዮን ያህል ቶዮታና ሌክሰስ መኪኖችን የሚመለከት ጥሪ በአሜሪካ አስተላልፎ ነበር። ስለሆነም ለመኪናዋ ልክ የተሠራ፣ ከወለሉ ጋር በመያዣ የሚታሰር ምንጣፍ ብቻ ይነጠፍ። በምንጣፍ ላይ ሌላ ምንጣፍ መደረብ ጨርሶ የተከለከለ ይሁን።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ያረጀ ካንዴላ እሳቱን ያደክማል። የተዘጋ የነዳጅ ማጣሪያ ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ በዳገት ላይ ሞተሩን ያስርበዋል። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካው መሣሪያ ሲቆሽሽ ለኮምፒውተሩ የተሳሳተ ወሬ ያቀብላል። ማርሚታው ውስጥ ያለው የጭስ ማጣሪያ ሲደፈን ሞተሩ መተንፈስ ያቅተዋል። ሳይለቅ ተጣብቆ የቀረ ፍሬንም መኪናዋን እንደታሰረች ያስጎትታታል፤ ከጉዞ በኋላ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ ቢግል ምልክቱ ይህ ነው።

የካምቢዮ ዘይትን በተመለከተ ‹‹የዕድሜ ልክ ነው፤ አይቀየርም›› የሚል አነጋገር በብዙ ቦታ ይሰማል። ይሁን እንጂ ለብዙ ቅንጡ መኪኖች አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድ.ኤፍ. ኩባንያ ራሱ እንደ አነዳዱ ሁኔታ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ወይም በስምንት ዓመት ዘይቱ እንዲቀየር ይመክራል። የእናትየዋ መኪና ከዚህ ልክ አልፋ ስለነበር ዘይቷ ተቀየረ። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። የካምቢዮ ዘይት እንደ ሸቀጥ ዘይት ሁሉም አንድ አይደለም። በመኪናዋ መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው ዓይነት ውጭ ሌላ ማስገባት ጤነኛውን ካምቢዮ ሊያበላሽ ይችላል።

ጋራዥ ሲኬድ

‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም›› ይባላል። ‹‹መኪናዬ ትሰንፋለች›› ብሎ ቁልፍ አስረክቦ መሄድ ለሐኪም ‹‹ያመኛል›› ብቻ ብሎ ዝም እንደ ማለት ነው። ስለዚህ በመኪናዋ ኪስ ውስጥ አንድ ትንሽ ደብተርና እስክሪፕቶ ይቀመጥ። መዘግየቱ ሲታይ መኪናዋን አቁሞ መጻፍ ነው። የታየው ጧት ሞተሩ ሳይሞቅ ነው ወይስ ሞቆ? ከቆመችበት ስትነሣ ነው ወይስ እየሄደች? በሜዳ ነው ወይስ በዳገት? ማቀዝቀዣው ተከፍቶ ነበር? ነዳጅ ከተሞላ በኋላ ነው የጀመረው? መርፌው ምን አደረገ? መብራት በርቶ ነበር? ይህን የያዘች እናት ፊት ‹‹ሴት ናት፣ አታውቅም›› ብሎ ዋጋ ለመቆለል የሚደፍር ባለጋራዥ ጥቂት ነው።

ከዚያም አንድ ዕቃ ከመቀየሩ በፊት መካኒኩ አብሮ እንዲነዳና በኮምፒውተር መመርመሪያ የስሕተት ቁጥሮቹን እንዲያነብ መጠየቅ ይገባል። ቁጥሮቹ ግን ፈራጅ አይደሉም፤ የት መፈለግ እንዳለበት የሚጠቁሙ ናቸው። ቅደም ተከተሉም ከርካሹ ወደ ውዱ ይሁን። ምንጣፉና የቁጠባ መጫኛው ያለ ገንዘብ ይታያሉ። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያውና የአየር በሩ፣ ከዚያም ካንዴላው፣ የነዳጁ መስመርና የካምቢዮው ዘይት ይመርመሩ። ካምቢዮ ይቀየር የሚለው ቃል የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም። የሚለው ቢገኝም ሁለተኛ መካኒክ ሳያየው ገንዘብ አይከፈል። የተቀየረውንም አሮጌ ዕቃ ተቀብሎ ማየት የባለቤቱ መብት ነው።

በመንገድ ላይ

ጥገናው ካለቀ በኋላ መኪናዋ ተሻላት። ነገር ግን መዘግየቱ ጨርሶ አልጠፋም። ‹‹የቀረው ጠባይዋ ነው፤ ጠባይዋን ደግሞ አንቺ ልመጂላት›› ብለው ሽማግሌው አሰናበቷቸው። ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው። ጤነኛ አውቶማቲክ መኪናም ቢሆን በትንሹ ይዘገያል፤ ስለዚህ ነጂዋ የመኪናዋን መዘግየት ልኩን ማወቅ አለባት።

ልኩን ማወቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ሒሳቡ ይናገራል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። መኪናችን ለሁለት ሰከንድ ብትዘገይ የሚመጣው ገልባጭ 33 ሜትር ቀርቦናል ማለት ነው፤ ይህም ሦስት የከተማ አውቶቡሶች ተከታትለው የሚቆሙበት ቦታ ያህላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር ከሆነ ደግሞ 44 ሜትር ይቀርባል። ‹‹ያደርሰኛል›› ያልነው ክፍት ቦታ በዚህ መካከል ተበልቶ ያልቃል።

ስለዚህ አንድ እሑድ ጧት መኪና በማይበዛበት ሜዳ መንገድ ላይ ሌላ ሰው ከጎን አስቀምጦ መሞከር ይበጃል። ከኋላና ከፊት ማንም አለመኖሩን አረጋግጦ፣ ከቆሙበት ነዳጅ ሲረገጥ መኪናዋ እስክትነሣ ስንት እንደሚቆጠር ጎን ያለው ሰው ይቁጠር። ቀስ ብላ ስትሄድም እንዲሁ ይሞከር። የተገኘው ቁጥር ወደ ጎዳና ሲገባ፣ አደባባይ ሲዞርና ሌላ መኪና ሲታለፍ በሚጠበቀው ክፍት ቦታ ላይ ይጨመራል። ክፍት ቦታው የማይበቃ ከሆነ መቆየት ነው። ከኋላ የሚያስጮኸው የሚኒባስ ክላክስ ልጅ አይገድልም።

አረጋገጡም ወሳኝ ነው። ነዳጁን ቀድሞ፣ በልኩና በማያቋርጥ ሁኔታ መጫን ካምቢዮው በጊዜ እንዲዘጋጅ ያደርገዋል። ዝም ስትል ተናዶ በኃይል መርገጥ ግን ሁለት ሦስት ማርሽ በአንድ ጊዜ ስለሚያስወርድ መኪናዋ ቆይታ በድንገት ትፈናጠራለች። ዳገት ከመጀመሩ ወይም ጎዳና ከመግባት በፊት ማርሹን ወደ ‹‹ኤስ›› ማዛወር፣ ወይም በእጅ ዝቅ ማድረጊያ ያላት እንደሆነ አንድ ማርሽ ዝቅ ማድረግ መዘግየቱን ያሳጥራል። በመብራት ላይ ሞተሯን ራሷ የምታጠፋ መኪናም እንደሆነች በተጨናነቀ አደባባይ ላይ ይህን አሠራር በመጫኛው ማቋረጥ ይቻላል።

መደረግ የሌለባቸውም አሉ። በ‹‹ኤን›› ላይ ሞተሩን አስጩኾ በድንገት ወደ ‹‹ዲ›› መጣል ካምቢዮውን ይሰብራል። ነዳጅ ለመቆጠብ በቁልቁለት ላይ ‹‹ኤን›› አድርጎ መንሸራተት ጉልበት ሲፈለግ መኪናዋ እንዳትደርስ ያደርጋል። ግራ እግርን ፍሬን ላይ አሳርፎ መንዳትም ክፉ ልማድ ነው፤ ብዙ መኪኖች ፍሬን እንደተያዘ ካወቁ የነዳጁን ትእዛዝ ይሰርዛሉ። ግራ እግር በቦታው ይረፍ።

ምናልባት መኪናዋ በመንገድ መካከል እምቢ ብትል መደንገጥ አያስፈልግም። ማርሹ በስሕተት ወደ ‹‹ኤን›› አለመሄዱን ማየት፣ እግርን ከነዳጅ አንሥቶ እንደገና በልኩ መጫን፣ የአደጋ ጊዜ መብራት ማብራት፣ መንገድ ዳር ለመያዝ መሞከር ነው። ልጆች ቀበቷቸውን እንዳሰሩ ይቆዩ፤ የሚወርዱበት ግድ ከሆነም ከመኪና መተላለፊያው በተቃራኒ ባለው በር፣ በአዋቂ እጅ ተይዘው ይሁን።

ባለፈው የበዓል ሰሞን የእናትየዋ ባለቤት ከሐዋሳ መጥተው መሪውን ያዙ። እዚያው መገናኛ መንገድ ላይ ሲደርሱ ክፍት ቦታ አይተው ነዳጅ ረገጡ። መኪናዋ ጥቂት አሰበችና ተነሣች። ‹‹ቆይ፣ ይቺ መኪና ትዘገያለች እኮ!›› አሉ ባልየው። እናትየው ከጎናቸው ተቀምጠው ‹‹ምነው፣ ፈርተህ ነው?›› ሲሉ ልጆቹ ከኋላ ሳቁ። ባልየውም ከሳቁ በኋላ በዝምታ ጥቂት እንደተጓዙ ‹‹ያን ቀን ልሰማሽ ይገባኝ ነበር›› ማለታቸውን እናትየው አጫውተውናል።

ዛሬ እኚህ እናት ጎዳና ለመግባት ሲቆሙ ‹‹የቸኮለች አፍሳ ለቀመች›› የሚለውን ለራሳቸው ያስታውሳሉ። ከኋላ ያለው ትንሹ ልጃቸውም ‹‹አንድ፣ ሁለት›› እያለ ይቆጥራል። የትምህርት ቤቱ ደወል ሁለት ደቂቃ ቢያመልጥ በማግስቱ ይደወላል። ስለዚህ መኪናዋ የዘገየችባት እናት በመጀመሪያ እግሯን አትጠርጥር፤ መርፌዋን ትይ፣ ያየችውን ትጻፍ፣ ከዚያ ትጠይቅ። የቤቱ ሰውም ከመፍረዱ በፊት ይስማት።